የቆመች መኪና፦ ትሠራ ወይስ ትሸጥ?

የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1999 ሞዴል፣ ባለ 1.6 ሞተር ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ስሄድ ሞጆን እንዳለፍኩ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ደረሰ። ውሃ እየጨመርኩ አዳማ መልሼ አስገባኋት። አሁን ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ውሃ ታጎድላለች፣ ጉልበትም የላትም። አንዱ ጋራዥ ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ይታደስ ብሎ 230 ሺህ ብር፣ ሌላው ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ብቻ ልሥራ ብሎ 85 ሺህ ብር ጠየቁኝ። ደላላ ደግሞ እንደቆመች በ900 ሺህ ብር የሚገዛ አምጥቶልኛል። እንደሷ ያለች እየሄደች ግን 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ብር ትጠራለች። ምን ይሻለኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱ ጋራዦች በ145 ሺህ ብር የተራራቁት ሞተሩን ሳይለኩ ስለገመቱ ነው። እርስዎም በግምት ላይ ቆመው አይወስኑ፤ መጀመሪያ ያስለኩት። እስኪለካ ድረስም ለደላላ ለማሳየት እንኳን ሞተሩን አያስነሱ።

የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይሳቡና በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ እንዲህ ያለ ዘይት ብሮንዚኖቹን (ከታች ያለው ዘንግ የሚዞርባቸውን ስስ ብረቶች) ቅባት ስለሚነሳቸው እያንዳንዱ ማስነሳት ሒሳብዎን ያንረዋል። በዘይት መሙያው ክዳን ስር ብቻ የምትታይ ትንሽ ነጭ አረፋ ግን አታስደንግጥዎ፤ አጭር አጭር መንገድ የምትሄድ መኪና ላይም ትታያለች።

ዘይቱ ንጹህ ከሆነ፣ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃውን እስከ አፉ ይሙሉና ሌላ ሰው ያስነሳ። በጋለ ሞተር ላይ ይህን እንዳይሞክሩ፣ ፊትና እጅ ያቃጥላል። በመጀመሪያ ጥቂት አረፋ ወጥቶ ቢቆም የታመቀ አየር ነው። ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ውሃውን ወደ ውጭ የሚገፋ ከሆነ ግን የሲሊንደሩ ግፊት ወደ ውሃ መንገዱ እየሾለከ ነው፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል።

ቀጥሎ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም የየሲሊንደሩ ግፊት፣ ይለካ። አራቱም ካንዴላዎች ይወጣሉ፣ ኢግኒሽኑና የነዳጅ መርጫው ይነቀላል፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አራት አምስት ዙር ይዞራል። ባትሪው ደካማ ከሆነ ንባቡ ስለሚወርድ ሙሉ ባትሪ ይጠቀሙ። በባሕር ጠለል ከፍታ ለዚህ ሞተር ጤነኛው ንባብ ወደ 190 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው፣ አዳማ ከፍታ ላይ ግን ዝቅ ይላል፤ ዝቅተኛው 142 ሲሆን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ14 መብለጥ የለበትም። መካኒኩ አራቱንም ቁጥር በወረቀት ይጻፍልዎ። «ደህና ነው» የሚል የቃል መልስ አይቀበሉ።

ቁጥሮቹ ብዙ ይናገራሉ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች፣ ለምሳሌ ሁለተኛውና ሦስተኛው፣ አብረው ከወደቁ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ተቃጥሏል። አንዱ ብቻ ከወደቀ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት አስጨምረው እንደገና ያስለኩ። ንባቡ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት) አልቋል ማለት ነው፤ ካልተነቃነቀ ችግሩ ከላይ፣ ከቫልቩ ወይም ከጓርኒሲዮኑ ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ከለካችሁት ሁሉም ንባብ ትንሽ ስለሚያንስ ልዩነቱን ነው የምታዩት።

የታችኛውን ክፍል ለማወቅ ደግሞ ዘይቱን አስወርደው የዘይት ማጣሪያውን በመቀስ አስቆርጠው ወረቀቱን ፀሐይ ላይ ይዘርጉት። ቢጫ ወይም ብርማ ብልጭልጭታ ካለ ብሮንዚኖቹ እየተበሉ ነው፣ ቴስታታ ሠርቶ መዝጋትም ገንዘብ መጣል ነው። ወረቀቱ ንጹህ ሆኖ ዘይቱም ውሃ ካልነካው ታችኛውን ክፍል ለማስፈታት ምክንያት የለም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በቆመችውና በምትሄደው መካከል ያለው ልዩነት 350 ሺህ ብር ነው። የጋራዥ ግምት ላይ ሩቡን ያክሉበት፤ ሞተር ሲፈታ ያልታሰበ ዕቃ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰንም የመለዋወጫ ዋጋ አይጸናም። ቴስታታው ብቻ ከሆነ 85 ሺሁ ወደ 106 ሺህ ይደርሳል፤ ያለ ጥርጥር አሠርተው ይንዷት ወይም ይሽጧት። ሙሉ ሞተር ከሆነ 230 ሺሁ 287 ሺህ 500 ይሆናል፣ የሚተርፍዎ 62 ሺህ 500 ብቻ ነው። ለዚያች ገንዘብ ለሳምንታት ጋራዥ መመላለስና ሥራው ይበላሻል ብሎ መስጋት አያዋጣም። በእኛ ሚዛን ሩቡ የተጨመረበት ወጪ ከልዩነቱ ሦስት አራተኛውን፣ በእርስዎ ሁኔታ ወደ 262 ሺህ ብሩን፣ ካለፈ እንደቆመች መሸጥ ይሻላል። ለራስዎ ለብዙ ዓመት ሊነዷት ካሰቡና ላሜራዋ፣ ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ)፣ ከታች ያለው ብረቷ ጤነኛ ከሆነ ግን ድንበሩ ትንሽ ይሰፋል። ብረቷ በዝገት የተበላ መኪና ላይ አዲስ ሞተር አያስገቡ።

ደላላው 900 ሺህ ያለዎትም የመጨረሻው ዋጋ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተከለከለ እንዲህ ያለች ኮሮላ ፈላጊ አታጣም። የኮምፕሬሽኑን ወረቀት ይዞ የሚደራደር ሻጭና «ምን እንደሆነች እኔም አላውቅም» የሚል ሻጭ እኩል ዋጋ አያገኙም።

ቴስታታው ይሠራ ካሉ ሦስት ነገር ቆመው ያስፈጽሙ። አንደኛ፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ በቀጥ ብረትና በስስ ቅጠል መለኪያ ይታይ፤ በብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ባሉበት የሞተሩ አካል) በኩል ያለው መጉበጥ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ ይላጋል፣ ስንጥቅም በግፊት ይፈተሻል። የብሎኩ ፊትም በዚያው ብረት ይለካ፤ ብዙዎች ይህን ይዘሉትና አዲሱ ጓርኒሲዮን በወራት ውስጥ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይጥበቁ፦ መጀመሪያ 29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ደግሞ 90 ዲግሪ። አጫጭሮቹ በአየር መግቢያው በኩል፣ ረጃጅሞቹ በጭስ መውጫው በኩል ነው ቦታቸው። የተሳበ ወይም ጥርሱ የተበላ ብሎን አይመለስም። የዘመን ቀበቶው (ቺንጋው) አብሮ ይቀየር፣ ከተፈታ በኋላ የእጅ ዋጋው ትንሽ ነውና።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ለምን እንደጋለች ይታወቅ። ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለው በመጋሏ ነው፤ የጋለችበት ምክንያት ሳይነካ ከተዘጋ ያው ዳገት ላይ ትመለሳለች። የራዲያተሩ መስመሮች በቧንቧ ውሃ ማዕድን ተጋግረው ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ሞቆ እያለ ራዲያተሩን በእጅ ሲዳስሱት አንዱ ወገን ቀዝቃዛ ከሆነ ተደፍኗል። ቬንትሌተሩ መነሳት ባለበት ሙቀት መነሳቱን፣ ውሃ ፖምፓው አለማንጠባጠቡን፣ የራዲያተር ክዳኑ ላስቲክ አለመሰንጠቁን ይዩ። አዳማ ከፍታዋ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ክፍት ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ደግሞ ከዚያ በታች። ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ቴርሞስታት (የውሃውን መንገድ በሙቀት የሚከፍትና የሚዘጋውን) አውጥቶ መጣልን እንደ መፍትሔ የሚያቀርብ መካኒክ ካጋጠመዎ እሺ አይበሉ። በ82 ዲግሪ የሚከፈተው አዲሱ ይግባ፤ ከሌለ ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ነዳጅ ይበላል፣ ፋሻም ያስጨርሳል። ከንጹህ ውሃ ጋር እኩል የተቀላቀለ ኩላንት ይሙሉ።

ጥያቄ፦ ከማሳደስ ይልቅ ያገለገለ ሞተር ገዝቼ ባስገባስ?

መልስ፦ ያዋጣል፣ ወረቀት ካለው። የሞተር ቁጥርዎ በሊብሬው ላይ ተጽፏል። የአዲሱ ሞተር ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ወረቀት) እና የግዢ ደረሰኝ ከሌለ ቁጥሩን ማስቀየር አይችሉም፤ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡም ሆነ ሲሸጡ እዚያው ላይ ይያዛሉ። ሞተሩ መሬት ላይ እያለ በሞተሪኖ አዙረው ኮምፕሬሽኑን ሳይለኩ ገንዘብ አይስጡ።

ጥያቄ፦ የተበላሸች መኪናዬን ልሸጥ ነው፤ ገዢው «ስም ማዛወሩ ይቆይ፣ በውክልና እንጨርስ» አለኝ።

መልስ፦ አይስማሙ። ስሙ እስኪዛወር ባለቤቷ እርስዎ ነዎት፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። ገዢው ጠግኖ ሲነዳት ሰው ቢገጭ ክሱ ወደ እርስዎ ይመጣል። ውልና ማስረጃ ፊት ሽያጩን ይፈራረሙ፣ ስሙንም አብራችሁ አዛውሩ። በውሉ ላይ ብልሽቱን በግልጽ ያስፍሩ፦ «ሞተሩ እንደጋለና የቴስታታው ጓርኒሲዮን እንደተቃጠለ ገዢ አውቀው ገዝተዋል»። የተደበቀ ጉድለት ሻጩን ያስጠይቃል፤ የተጻፈ ጉድለት ግን ይጠብቅዎታል።

ጥያቄ፦ አውቶማቲክ ቪትዝ አለችኝ። ማርሹን ዲ ላይ ሳደርግ ሁለት ሦስት ሰከንድ ዘግይታ ትነሳለች። ሳትብስ ልሽጣት?

መልስ፦ የካምቢዮ ዘይቱን ይዩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፈው ፒ ላይ መልሰው፣ ሞተሩ እየሠራ ይለኩ። ከጎደለ የሚያንጠባጥብበትን ፈልገው ያስደፍኑና ይሙሉ፤ ብዙ ጊዜ መዘግየቱ እዚያው ያልቃል። ቀለሙ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ውስጡ ያሉት የፍሪሲዮን (ኃይል የሚያስተላልፉት) ቅጠሎች ተበልተዋል፤ ዘይት መቀየር አያድናቸውም። ቪትዝ እንደ ሞዴሉ በአራት ማርሽ ወይም በሲቪቲ (ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ) ስለምትመጣና የሁለቱ ዘይት ስለማይቀያየር በመመሪያው የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ያስጨምሩ። ዘይቱ ከተቃጠለ የካምቢዮ ማሠሪያውን ዋጋ ጠይቀው ከላይ ባለው ሒሳብ ይመዝኑት። እስከዚያው ከተማ ውስጥ ብቻ ይንዷት፤ ፍጥነት መንገዱ ላይ ከቆመች የመጎተቻውም ይጨመርብዎታል።