ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላትን ስለ መከፋፈል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 9ኛ ክፍል ከገባሁ ወዲህ የባዮሎጂ ቃላት ከብደውኛል። «ፎቶሲንተሲስ»ን የመሰለውን ከየት ልጀምረው? (ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ሁለቱን አከፋፈሎች ለይ። ለማንበብ በቀለም፣ ማለትም በአንድ አናባቢ ዙሪያ አንድ ላይ በሚነገሩ የድምፅ ክፍሎች ትከፍለዋለህ፤ ፎ፣ ቶ፣ ሲን፣ ተ፣ ሲስ፣ በድምሩ 5 ቀለም። ለመረዳት ግን በምዕላድ፣ ማለትም ትርጉም ባላቸው ክፍሎች ትከፍለዋለህ፤ ያን ጊዜ ብርሃንን የሚያመለክተው «ፎቶ» እና ማዋሐድን የሚያመለክተው «ሲንተሲስ» ይወጣሉ። በአማርኛ የተማርከው «ብርሃን አስተጻምሮ» የተዋቀረውም በዚሁ መልክ ነው። ነገ «ኬሞሲንተሲስ» ቢገጥምህ የሚቀርህ የፊተኛውን ክፍል ማወቅ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለአስጎብኚነት እየሠለጠንኩ ነው። «ሞኖሊቲክ» ስል እንግዶች አይረዱኝም። (ከላሊበላ)

መልስ፦ «ሞኖ» አንድ፣ «ሊት» ድንጋይ፣ «ኢክ» ደግሞ ቅጽል የሚያደርግ ባዕድ መድረሻ ነው፤ ቤተ ጊዮርጊስን ለሚያውቅ ሰው ትርጉሙ አይጠፋውም። ችግሩ ድምፅ በሚጠነክርበት ቦታ ላይ ይመስለኛል። በ«ኢክ» የሚያልቁ ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነክሩት ከእርሱ በፊት ባለው ቀለም ስለሆነ፣ «ሊ» ላይ ጠንከር ይበሉ። «አረቢክ» ግን ከዚህ ወጥቶ መጀመሪያው ላይ ይጠነክራል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ቀለም እንዲቆጥሩ የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛ ፊደል አጽፋቸዋለሁ። ያስኬዳል? (መምህር፣ ከወልድያ)

መልስ፦ ቢተዉት ይሻላል። ጥንካሬ የሚል ትርጉም ያለው «ስትሬንግዝ» በእኛ ጽሕፈት 6 ፊደል ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ያለው አናባቢ ድምፅ አንድ ብቻ በመሆኑ 1 ቀለም ነው። ከ6ቱ ፊደላት 5ቱ ሳድስ ናቸው፤ ሳድስ ደግሞ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ፣ አንዳንዴ ባዶውን ስለሚነበብ፣ የእኛም ምላስ ተነባቢዎች ሲደራረቡበት በመካከላቸው «እ» ማስገባት ስለሚቀናው፣ ተማሪው ቃሉን ሳያውቀው ያስረዝመዋል። ይልቁንም የእጃቸውን ጀርባ ከአገጫቸው ሥር አድርገው ቃሉን በዝግታ ይበሉት፤ አገጭ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ቀለም ይቆጠራል። ይህም ዘዴ ቢሆን እንከን አያጣውም፤ ባለ 2 ቀለሙ «ቴብል» መጨረሻው ላይ አገጭን እምብዛም ስለማያንቀሳቅስ በጆሮ መታረም አለበት።

ጥያቄ፦ «ዎክድ» እና «ዎንትድ» በእንግሊዝኛ ሲጻፉ ሁለቱም በ«ኢዲ» (ed) ፊደላት እያለቁ የቀለማቸው ቁጥር ለምን ተለያየ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ «ኢዲ» ራሱን የቻለ ቀለም የሚሆነው ግሡ በ«ት» ወይም በ«ድ» ድምፅ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ የፊተኛው 1፣ የኋለኛው 2 ቀለም አለው፤ በምዕላድ ግን ሁለቱም ባለ 2 ክፍል ናቸው።