ማሽላ መቼ ተዘራ? አገዳውስ ስንት አንጓ አወጣ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄው ክፍት ነው። ስትጠይቁ ግን ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ ዘሩ ምንድን ነው፣ መቼ ተዘራ፣ ቦታው ቆላ ነው ወይስ ወይና ደጋ?

ከደጀን ቆላ፦ ጋሼ፣ ያገሬውን ዘር ሁለት ቦታ ዘራሁ። አንዱን ለግንቦት ልደታ ሰሞን፣ ሌላውን ከሰኔ ሚካኤል በኋላ። የፊተኛው ፈረስ ከነፈረሰኛው ይሸፍናል። የኋለኛው ደረቴ ላይ ቀረ። መሬቱ አንድ ነው። ምን ነካው?

መልስ፦ ምንም አልነካው፣ ወንድሜ። ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! ያገራችን ማሽላ የቀኑን ርዝመት ያውቃል። ቀኑ ረጅም ሳለ ቅጠል ያወጣል፤ ቀኑ ሲያጥር ራስ ለማውጣት ይነሳል። ረጅሙ ቀን ሰኔ 14 አካባቢ ነው። ባሕር ዳር ላይ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። ለማሽላ ይህ ይበቃዋል።

አሁን ልብ በል። እያንዳንዱ ቅጠል የሚወጣው ከአንድ አንጓ ነው። የግንቦቱ ረጅም ጊዜ ስላገኘ ብዙ ቅጠል፣ ብዙ አንጓ አወጣ። የሰኔው ቶሎ ወደ ራስ ተጣደፈ። ለዚህ ነው የዘር ቀናቸው ከወር በላይ ተራርቆ ራስ የሚያወጡበት ጊዜ የሚቀራረበው። ከሁለቱም አንዳንድ አገዳ ቁረጥና አንጓውን ቁጠር። የወር ቡቃያም ነቅለህ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቀው። የሚያድገው ጫፍ ገና አፈሩ አጠገብ ነው፤ ትንሽ ነጭ ነጥብ። ከላይ አገዳ የሚመስልህ ጥቅል ቅጠል ነው።

ከቡሬ፦ የኔ ማሽላ አጠረ። ለምን?

መልስ፦ ዘሩስ? ቀኑስ? ቦታውስ?

ከፍኖተ ሰላም፦ «መልካም» የሚል ስም ያለው የተሻሻለ የማሽላ ዘር ቀድሜ ብዘራው ይረዝማል?

መልስ፦ ብዙም አይረዝምም። ሲዳቀል ጀምሮ አጭርና ፈጥኖ ደራሽ ተብሎ የወጣ ነው። ቀድመህ ብትዘራው ቀድሞ ይደርስና ለወፍ ሲሳይ ይሆናል።

ከወምበርማ፦ ለመሆኑ ረጅም አገዳ ምን ያደርጋል? ነፋስ ይጥለዋል።

ከደጀን ቆላ፦ አጥሬን በምን ልጠር? ላሜስ በበጋ ምን ትብላ?

ከወምበርማ፦ ልጆች የሚበሉት እንጀራ ነው፣ አገዳ አይደለም።

ከፍኖተ ሰላም፦ ጥንቅሽ ረሳችሁ? ልጆች እሱንም ይበላሉ እኮ።

መልስ፦ ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ጥንቅሽ ሌላ ቀን።

ከደጀን ቆላ፦ ላም ካነሳን፣ ሲሳሳ የሚነቀለውን ቡቃያ ልስጣት?

መልስ፦ አይሆንም! ለጋ ማሽላ መርዝ አለው፣ ከብት ይገድላል። ድርቅ የመታው ደግሞ ይብሳል። ስንቴ ልናገር?

ከጃቢ ጠህናን፦ ዘግይቼ የዘራሁት መሃል ለመሃል ይደርቃል። ስቤ ሳወጣው በትል ተበልቷል።

መልስ፦ አገዳ ቆርቁር ነው። የዘገየውን ለጋ ሳለ ያገኘዋል። ትሉ በጋውን የሚያሳልፈው በደረቁ አገዳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ካጨድክ በኋላ አገዳውን አቁመህ አትከምር። ወር ያህል ፀሐይ ላይ አጋድመህ አስጣው፤ ትሉን ሙቀቱ ይፈጀዋል።

ከፍኖተ ሰላም፦ የማዳበሪያ ዋጋ ዘንድሮ ይቀንሳል?

መልስ፦ እኔን አትጠይቀኝ።

ከቡሬ፦ ጋሼ ይቅርታ። ዘሩ ከጎረቤት ያገኘሁት ያገር ዘር ነው። ሐምሌ መግቢያ ላይ ዘራሁት። ወይና ደጋ ነው።

መልስ፦ ተባረክ፣ አሁን ጥያቄ ሆነ። ዘግይቷል፤ አንጓው ጥቂት ነው፤ ማዳበሪያ ብትጨምርም አንጓ አይጨምርልህም። በዚያ ላይ ወይና ደጋው ይቀዘቅዛል፣ እድገቱ ይጎተታል። ለከርሞ ያንኑ ዘር ግንቦት ላይ መሬቱ ሲርስ ዝራው። ዝናቡ ከዘገየብህ ያገሩን ዘር ተወውና ፈጥኖ ደራሽ ፈልግ። አሁን ሂድና አንዱን አገዳ ቁረጥ። አንጓው ስንት እንደሆነ ጻፍልኝ።