ጂን ነው የምትመረምሩት?

ልጆቼ፣

ሐረር፣ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። የፈቃድ ቅጽ ይዤ አልጋዋ አጠገብ ቆሜያለሁ። እኔ ያልኳት «ጂኖችን እናጠናለን» ነው። እሷ የሰማችው ግን ሌላ ነው። አማቷ ደግሞ ከጎኗ «ቢስሚላሂ!» ብለው ሻሻቸውን ሰበሰቡ። ሳቄን ዋጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዘረመል» ነው የምለው።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ተቀምጫለሁ። አንዳንዶቻችሁ ያለ ጊዜው መወለድን ከዘረመል በኩል ማጥናት እንደምትፈልጉ ነግራችሁኛል። እኔም በዚያው ነው ያረጀሁት። ታዲያ ጥቂት ነገር ልበላችሁ።

ያለ ጊዜው ተወለደ የሚባለው 37 ሳምንት ሳይሞላው የመጣ ሕፃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት እንዲህ ተወልደዋል። ከአሥር አንድ ገደማ ማለት ነው። ምክንያቱን ስንጠየቅ ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ የደም ግፊት፣ መንታ እርግዝና እንላለን። አንዱም የሌለባት እናት ግን በ31 ሳምንቷ ምጥ ይዟት ትመጣለች። እዚያ ላይ ነው አፋችን የሚያዘው።

የዘረመል እንቅስቃሴ ምን እንደሆነ የድሬ ልጅ በቀላሉ ይገባዋል። የድሬን ገበያ ሰፈር፣ መጋላን፣ በሰባት ሰዓት ሂዱና እዩት። ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤቱ አስገብቶታል፤ ሱቁ ዝግ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሱ፤ መተላለፊያ የለም። ሱቆቹ ያው ናቸው። የተለወጠው የትኛው እንደተከፈተ ነው። የማህፀንም የጉበትም ሴል ፕሮቲን የሚያሠሩትን 20 ሺህ ገደማ ዘረመሎች እኩል ይዟል። እኛ የምንለካው አር ኤን ኤ፣ ማለትም ከተከፈተ ዘረመል የሚገለበጠው ቅጂ፣ የትኛው እንደተከፈተና ገበያው ምን ያህል እንደደራ ይነግረናል።

አር ኤን ኤ ግን ጊዜ አይሰጥም። እንግዴ ልጁ በብረት ሳህን ይመጣላችኋል፤ ገና ትኩስ ነው። ከእትብቱ ሥርና ከዳሩ መካከል፣ ሽፋኑን ትታችሁ፣ አተር የምታክል ቁራጭ ታወጣላችሁ። በቀዝቃዛ ጨዋማ ውሃ ደሙን ታጥባላችሁ፤ ደሙ የራሱ አር ኤን ኤ አለውና። ከዚያ ቶሎ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ቀጥሎም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ወደሆነው ፍሪዘር። ያለ ጓንት በጣታችሁ ብትነኩት ቆዳችሁ ላይ ያለው ኢንዛይም ይበላዋል። መብራት ሲጠፋስ? አንድ የሠራሁበት ቦታ የበዓል ማግስት ስንገባ ፍሪዘሩ ሥር ውሃ ተኝቶ ጠበቀን። ጄነሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። የዓመት ልፋት ነበር። ስለሱ ባላወራ ይሻላል።

የባሰው ስህተት ግን የራሴ ነው። በመጀመሪያ ጥናቴ ያለ ጊዜው የወለዱትን በጊዜያቸው ከወለዱት ጋር አነጻጸርኩ። እንቅስቃሴያቸው የተለያየ ዘረመሎች ዝርዝር ወጣልኝ፤ ቡና አፍልቼ ባልደረቦቼን ጠራሁ። አንድ አንጋፋ ባለሙያ ዝርዝሩን አየት አድርገው፣ «እነዚህ እንዴት ነው የወለዱት?» አሉኝ። ያለ ጊዜያቸው የወለዱት በሙሉ በምጥ ነበር። በጊዜያቸው የወለዱት አብዛኞቹ በቀጠሮ ኦፕራሲዮን። «ልጄ፣ አንቺ የለካሽው ምጥ ነው» አሉኝ። ቡናው በረደ።

ቢስተካከልም ችግሩ አያልቅም። የ31 ሳምንትን ከ39 ሳምንት ጋር ማነጻጸር የሰባት ሰዓትን መጋላ ከአሥራ አንድ ሰዓቱ ጋር እንደማነጻጸር ነው። ሰዓቱ ስላልደረሰ የተዘጋውን ሱቅ ከሰረ ትላላችሁ። ጤነኛ የ31 ሳምንት እንግዴ ልጅ ደግሞ ከየት ይመጣል? ጤነኛማ ከሆነ አሁንም እናቱ ሆድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ወደ እናቲቱ ደም ዞረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት 31 የዴንማርክ እርጉዞች በየሳምንቱ ደም ሰጥተው፣ በደማቸው ውስጥ ከሚንሳፈፈው አር ኤን ኤ የእርግዝናውን ዕድሜ መገመት ተችሏል። ያለ ጊዜው የመውለድ ፍንጭም ተገኝቷል፤ እሱ ግን በጣም ጥቂት ሴቶች ላይ ነው። የሐረርጌ እናት ደም ተመሳሳይ ነገር ይናገር እንደሆነ እናንተ ናችሁ የምታዩት።

የበግ ነገርም አለ። በግ ልትወልድ ስትል እርግዝናውን የሚያቆየው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን ከደሟ ይቀንሳል። በሴት ግን አይቀንስም፤ ማህፀኗ ነው መስማት የሚያቆመው። ሆርሞኑን የሚቀበሉት ሁለት ዓይነት ተቀባዮች ሚዛናቸው ይለወጣል። ያኔ ኮኔክሲን 43 የሚባለውን ፕሮቲን የሚያሠራው ዘረመል ይበረታል፤ የጡንቻው ሴሎች ተያይዘው ባንዴ ይኮማተራሉ። እንስሳ ላይ ያያችሁትን ሰው ላይ ለመጫን አትቸኩሉ። አትናቁትም ግን። ኒውዚላንዳዊው ሐኪም ሊጊንስ የበግ ምጥ ምን እንደሚያስጀምረው ሲፈልግ፣ ገና መተንፈስ የማይገባቸው ግልገሎች ሲተነፍሱ አየ። ዛሬ ያለ ጊዜዋ ልትወልድ ለሆነች እናት የምንሰጠው የሕፃኑን ሳንባ ማጎልበቻ መርፌ ከዚያ የመጣ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ቀኑ። «የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?» ስትሏት ሐረር ላይ «ከሹወሊድ በኋላ» ትላችኋለች። ሹወሊድ የሐረሪዎች በዓል ነው፤ በሂጅራ ስለሚቆጠር በየዓመቱ በአሥር፣ በአሥራ አንድ ቀን ይቀድማል። «ሳምንቱ አይታወቅም» ብላችሁ አትለፏት፤ የሂጅራውን ካላንደር አውጥታችሁ አብራችኋት ቁጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አልትራሳውንድ ከተነሳች ደግሞ እሱን ያዙ። አለዚያ በ39 ሳምንቱ ከስቶ የተወለደውን ያለ ጊዜው መጣ ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ማሽን ይህን አያርምላችሁም።

ያቺ እናት በመጨረሻ ፈቀደች። አማቷ ግን እንግዴ ልጁ እንዲመለስላቸው አሉ፤ ግቢያቸው ውስጥ ይቀበራል። አተር የምታክለዋን ቆርጬ የቀረውን ሰጠኋቸው። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ባጃጅ ይዘው ወደ ጁገል ሄዱ። እኔ ቱቦው ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ።