«በሌለ ማሽን ምን ልትሰሪ ነው» ለተባለችው የደሴ ልጅ

እህቴ መጀመሪያ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ጅማ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ጨርሰሽ ደሴ ቤት ከተቀመጥሽ ሰባት ወር ሆኖሻል፣ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ማህፀን ውስጥ እየተነቃነቀ የተነሳን የፅንስ አንጎል ኤም አር አይ ማጥራት ነበር፣ በሱ መቀጠል ትፈልጊያለሽ፣ አባትሽ ግን «እዚህ ማን ፅንስ በኤም አር አይ ያነሳል፣ በሌለ ማሽን ምን ልትሰሪ ነው፣ ወይ ሱቁን ያዢ ወይ ጅዳ ወንድምሽ ጋ ሂጂ» ይላሉ። ሒሳቡና እንግሊዝኛውም ያስፈራኛል ብለሻል።

እኔ ስለ ማሽኑ ነው ማውራት ምፈልገው፣ ምክንያቱም ይቺ «በሌለ ማሽን» የምትባል ነገር እኔንም ስንት አመት ይዛኛለች።

እስቲ ስራውን እናስበው። ፅንስ ዝም ብለህ ተኛ አይባልም፣ እናትየዋም ትተነፍሳለች። ስለዚህ አንጎሉ እንደ ድፎ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ ነው ሚነሳው፣ አንዷ ቁራጭ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለምትነሳ ለብቻዋ ጥርት ያለች ናት፣ ግን ቀጣይዋ እስክትነሳ ልጁ ዞሯል። ከላይም ከፊትም ከጎንም እየተቆረጠ ደጋግሞ ይነሳና ሶፍትዌሩ እያንዳንዷ ቁራጭ የት እንደነበረች እየገመተ ድፎውን መልሶ ይገጥመዋል፣ የተበላሸችውን ያወጣል፣ ደሞ እንደገና ይገምታል፣ እንዲህ እያለ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሚወፍር ቁራጭ ተነስቶ 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጥራት ላይ ይደርሳል። ታዲያ ማሽኑ የሚያስፈልገው የቱ ጋ ነው? ማንሳቱ ላይ ብቻ። መግጠሙ የኮምፒውተር ስራ ነው!

የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ኤስ ቪ አር ቲ ኬ እና የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ኔስቮር የሚባሉት መግጠሚያ ሶፍትዌሮች ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። ኔስቮር ጂፒዩ (ከባድ ስሌት የሚያፈጥን የኮምፒውተር ክፍል) ይፈልጋል፣ በኢንተርኔት ኮድ የሚሰራበት ጉግል ኮላብ ላይ ሞክሪው። ለዳታ ዙሪክ የህፃናት ሆስፒታል ያዘጋጀው ፌታ የሚባል የፅንስ አንጎል ምስሎች ስብስብ አለ፣ ቦስተን የተሰራው የፅንስ አንጎል አትላስ፣ ማለትም ከብዙ ፅንሶች የተሰራ አማካይ የአንጎል ምስል አለ፣ ከ21ኛው የእርግዝና ሳምንት ጀምሮ በየሳምንቱ። እነዚህ ተስተካክለው ያለቁ ምስሎች ናቸው፣ «እና ምን ያደርጉልኛል» እንዳትይ፣ ጥቅማቸው እሱ ላይ ነው። ጥርት ያለውን ምስል ራስሽ ትቆራርጪዋለሽ፣ ራስሽ ታነቃንቂዋለሽ፣ መልሰሽ ትገጥሚና ከዋናው ጋር ታስተያያለሽ። ከእውነተኛ እናት በተነሳ ምስል ግን ትክክለኛው መልስ ምን እንደነበር የሚያሳይሽ የለም። ስለዚህ ይሄ የችግር መላ አይደለም፣ ትልልቆቹ ላብራቶሪዎችም ዘዴያቸውን በዚህ ይፈትናሉ።

ሒሳቡ፣ የእያንዳንዷ ቁራጭ አቀማመጥ ስድስት ቁጥር ነው፣ ሦስት መዞሪያ ሦስት መንሸራተቻ፣ የሊኒየር አልጀብራ ደብተርሽን ፈልጊው። እንግሊዝኛው በመፃፍ ይመጣል፣ በሳምንት አንድ ገፅ ፃፊ።

አባትሽን አከብራቸዋለሁ፣ ግን በዚህ ተሳስተዋል፣ አምስት አመት ያስተማሯትን ልጅ ሱቅ ማስቀመጥ ቁጠባ አይደለም፣ ጅዳውንም እኔ አልመክርሽም። አንቺም ግን ወንድምሽ በላቡ የሚልከውን እየበላሽ ቤት ቁጭ ብሎ ስኮላርሺፕ መጠበቅ ልክ አይደለም፣ ቢከፋሽም እላለሁ። ስራ ያዢ። እኔ ሐይቅ አድጌ 12 አመት የህክምና መሳሪያ ጠግኛለሁ፣ አንድ ሆስፒታል ሳለሁ አልትራሳውንዱ ላይ ያለው ምስል ለምን እንደሚደበዝዝ ስጠይቅ ሀላፊዬ «ምስሉ የሐኪም ነው፣ አንተ ፊውዝህን ቀይር» አለኝ፣ አመት ሙሉ አምኜው ዝም አልኩ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። በኋላ ማታ ማታ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ ተምሬ ዲኮም የሚባለውን የህክምና ምስል ፋይል መክፈት ስጀምር ነው ነገሩ የተቀየረው፣ ዛሬ ቤተሰቤን የማስተዳድረው በሱ ነው። ለዛ ነው የጥገና ስራ ያዢ ምልሽ፣ ደሞዙ ትንሽ ቢሆንም፣ ራዲዮሎጂ ክፍል ያለበት ቦታ ከሆነ ደሞ በጣም ጥሩ፣ ምስል ሲነሳ አጠገባቸው ቁሚ፣ ሐኪሙ የቱ ምስል ላይ «ይሄ አይነበብም» እንደሚል ስሚ፣ ማታ ወደ ኮድሽ ተመለሺ።

የስራ ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት አስገቢ። ከአትላሱ የአንድ ሳምንት አንጎል ብቻ ወስደሽ ቆራርጠሽ ገጥመሽ ላኪልኝ፣ ያልገጠመልሽንም ጭምር፣ ከዛ በትምህርቱ ለመቀጠል ለየትኞቹ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች እንደምትፅፊ እሱን ይዘን እናወራለን።