ለልጅሽ ሄልሜት የአንበሳ ጎፈር ልትሠሪ ላሰብሽው እህት

እህቴ፣ «ልጄ በጃንዋሪ ከትምህርት ቤቱ ጋር ስኪ (በረዶ ላይ መንሸራተት) ሊሄድ ነው። ሄልሜቱን አንበሳ ላስመስልለት፣ ለአንገቱም የሚሞቅ ነገር ልሥራለት ብዬ ነበር፤ ከምን ልጀምር?» ብለሽ የጻፍሽውን አየሁ። እኔም አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነኝ። ልጄ ስኪ ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። ልክ አንቺ ያሰብሽውን ሠርቼ ተቃጥዬበታለሁ።

1. ሙጫ እንዳትነኪ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ። እኔ ቡናማና ወርቃማ የሱፍ ክር ገዝቼ፣ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ጎፈር ጎነጎንኩ። ከዚያ በኃይለኛ ሙጫ ሄልሜቱ ላይ ለጠፍኩት። ሲያምር! ልጁ አልጋው ድረስ ይዞት ገባ። ሄልሜቱ ግን የኪራይ ነበር። ልንመልስ ስንል ጎፈሩን ብነቅለው የሄልሜቱን ቀለም ይዞ ተነሣ። ባንኮኒው ላይ የነበረው ሰው «ሰማንያ አምስት ዶላር» አለኝ። ላስረዳ ስል ፊቱን አዙሮ ቀጣዩን ደንበኛ ጠራ። ልጄ አጠገቤ ቆሞ ያያል። ገንዘቡንስ ከፈልኩት። ልጄ ፊት እንደዚያ መደረጌ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደግሞ ዋናውን ነገር አልነገረኝም። የራሳችንን ሄልሜት ስንገዛ ነው ውስጡ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ያነበብኩት። ሙጫና ቀለም ውስጥ ያለው ኬሚካል ፕላስቲኩን ሊያዳክመው ይችላል። በዓይን አይታይም። ልጁ የወደቀ ቀን ነው የሚታወቀው። ሳነበው እጄ ተንቀጠቀጠ። ያ ሰውዬ ይህን በአንድ ቃል ቢነግረኝ አመስግኜው እወጣ ነበር።

2. ስለዚህ የሚወልቅ ልብስ ስፊለት። ፍሊስ ጨርቅ ግዢ፤ ቢቆረጥም ጠርዙ አይተረተርም። አንድ ሜትር ከበቂ በላይ ነው። የሄልሜቱን ዙሪያ ለኪና ልብሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ሦስት ሴንቲሜትር ያህል እንዲያንስ አድርጊው፤ ፍሊስ ስለሚለጠጥ ጥብቅ ብሎ ይይዛል። እንደ ብርቱካን ክፋይ ስድስት ቦታ ቁረጪ፤ ከታች ላስቲክ አስገቢበት። ጎፈሩን ከዚያው ከፍሊስ ቀጫጭን አድርገሽ ቆርጠሽ ስፌቱ መሃል አስገቢው። ከጣት አይርዘም። እኔ ጭራም ጨምሬለት ነበር፤ አስተማሪው ገና ሲያየው አስወለቀው። የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ወንበር ሊፍቱ (ሰዎችን ተራራው ላይ የሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር) ላይ ሊያዝ ይችላል። ልክ ነበር፤ በትሕትና ነገረኝ፣ እኔም በትሕትና ሰማሁት።

3. ሻርፕም በዚሁ ምክንያት አይሆንም። ሁለቱም አፉ ክፍት የሆነ፣ በራስ የሚጠለቅ የአንገት ልብስ ይሻላል። እዚህም ላይ ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያውን ከአሮጌ ጋቢ ነበር የሰፋሁት። ስኪ የምንሄድበት ተራራ፣ ላቭላንድ፣ መነሻው ራሱ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አይጣል ነው። ጥጡ የልጁን ትንፋሽና በረዶውን ጠጥቶ፣ እኩለ ቀን ላይ አገጩ ሥር እንደ ጣውላ ደረቀ። ለእናቴ በስልክ ብነግራት «ለብርድማ ባና እንጂ ጥጥ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። የመንዝ ልጅ ናት፤ በግ ሱፍ ውስጥ ነው ያደገችው። እውነትም ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል። አሁን ከውጭ በሱፍ ክር እሠራለሁ፤ እንዳይኮሰኩሰው ከውስጥ ፍሊስ እገብርበታለሁ።

ከሄልሜቱ ሥር ግን ወፍራም ኮፍያ አታድርጊለት፤ ሄልሜቱ በልኩ አይቀመጥም። የክር ኳስ ያለውን ኮፍያ ለምሳ ሰዓት ሥሪለት። የእኔ ልጅ ኮፍያ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነው። «ኢትዮጵያዊ ስኪ ይሄዳል እንዴ?» ብሎት አንድ ልጅ ጠይቆት ነበር። ለልጄ ስለ ሮቤል ተክለማርያም ነገርኩት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው መሆኑን። በሚቀጥለው ሳምንት ልጄ ራሱ ለዚያ ልጅ አስረዳው። አቤት ደስታዬ!

አሁን ተራራው ላይ ከመቶ ልጅ መሃል የእኔን ከሩቅ እለየዋለሁ። አምስት እናቶች አይተው ሥሪልን ብለውኝ ሠርቼላቸዋለሁ፤ አንዷ ቀጭኔ ነው ያዘዘችኝ።

የልጅሽን ሄልሜት ዙሪያ በሴንቲሜትር ለክተሽ ጻፊልኝ። የኪራይም ከሆነ አስቀድመሽ ሱቁ ሄደሽ ለኪው፤ የመልበሻው ቀን ስትደርሺ መጠኑ ሊለይብሽ ስለሚችል ላስቲኩን ትንሽ ረዘም አድርገሽ ተይው።