ለስኳር ታማሚ አባትህ አፕ ከመጫንህ በፊት

ወንድሜ፣ «አባቴ ደሴ አጠገብ ሐይቅ ከተማ ናቸው፣ ስኳር አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፤ የትኛውን አፕ ልጫንላቸው?» ብለሃል። አብሽር! እኔም ኩታበር ያሉ አባቴን የምከታተለው በስልክ ነው። አፑን ተወው።

1. ተራ ስልክ ይበቃል። መብራት ሲጠፋም ቻርጁ ይቆያል።

2. አላርሙን ራስህ ሙላ። አባዬ የሚወጉት ጠዋት 12 እና ማታ 12 ሰዓት ነው። ደሴ ስልኩን የሸጠልን ልጅ «እኔ እሞላላቸዋለሁ» ብሎ 12:00 አለው። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነዋ! በኛ ቀን 6 ሰዓት ላይ ጮኸ። አባዬ ደግሞ ታዛዥ ናቸው፣ የማታውን ወጉ። ምሳ ገና አልቀረበም። ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ አንደበታቸው ተሳሰረ። ደግነቱ መዋጥ ይችሉ ነበር፤ ጎረቤታችን ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው። ልጁን ሄጄ ብጠይቀው «እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ?» አይለኝም! እና 06:00 እና 18:00 ብለህ ሙላ።

3. ቴክስት አትላክ፣ ደውል። በዚያች ስልክ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚመጣው። እኔ ጠዋት ሳይበሉና ሳይወጉ እደውላለሁ። ለክተው ቁጥሩን ይነግሩኛል፣ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። ከ70 በታች ከሆነ መጀመሪያ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ከዚያ ለሐኪሙ መደወል። በክትትላቸው ቀን ደብተሩን ይዤ ብሄድ የካርድ ክፍሏ ሴትዮ «እዚህ የዱቤ ሱቅ መሰለህ?» ብላ አሳቀችብኝ። ሐኪሙ ግን ገጽ በገጽ አየው። ጠዋት ጠዋት እየወረደ መሆኑን ያወቀው ከዚያ ነው፤ የማታውን መጠን ቀነሰላቸው። ሴትዮዋ ይህን ብትሰማ ደስ ባለኝ።

4. የስኳር መለኪያ ስትገዛ አስቀድመህ ስትሪፑ (ደሙ የሚነካበት፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካው ቁራጭ) ደሴ መኖሩን ጠይቅ። እህቴ ከዓረብ አገር የላከችው ማሽን ስትሪፕ አጥቶ ቁምሳጥን ውስጥ ተኝቷል።

5. አባትህ የሚጾሙ ከሆነ ረመዳን ሳይገባ ሁለት ወር ቀደም ብለህ ሐኪም አማክር። መድኃኒቱም አላርሙም ይቀየራል። አባዬን ሐኪሙ «አይጹሙ» ቢላቸው እኔን ነው የተቆጡኝ። የመስጂዳቸውን ሼኽ ለምኜ አስደወልኩባቸው። «የታመመ ያፍጥራል» ሲሏቸው ነው እሺ ያሉት።