ትራንስፖርት ለምታጠኑ ልጆቼ

ከዩኒቨርሲቲ የምትወጡ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «የኤሌክትሪክ መኪና ከገባ የትራንስፖርት የካርበን ልቀት ጉዳይ አላለቀም ወይ?» አላለቀም። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

እርምጃው ትልቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስትከለክል ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃ ስለሚመነጭ፣ ከማርሚታው የቀረው ጭስ በሌላ ቦታ ተመልሶ አይወጣም። ነዳጅ የሚገዛው በዶላር መሆኑንም ጨምሩበት።

ግን ክልከላው የሚመለከተው ወደፊት የሚገባውን ነው። ዛሬ መንገድ ላይ ያለው አሮጌ ሚኒባስና አይሱዙ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። እንዲያውም አዲስ መኪና ሲወደድ አሮጌው እየተጠጋገነ ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ ቦሎ ሲታደስ የጭስ ምርመራው የምር መደረግ አለበት። ይህ ዜና የማይሆን ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

የአዲስ አበባ ሰው አብዛኛው የራሱ መኪና የለውም። በእግሩ ይሄዳል፤ አለዚያም ታክሲ፣ ሃይገር ወይም አንበሳ ይሰለፋል። እና አንድ ፖሊሲ ሲቀርብላችሁ ሜክሲኮ ለተሰለፈው ሰው ምን እንደሚጠቅም ጠይቁ። ስልሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ ሹፌሩን ብቻ በያዙ መኪኖች ተከቦ ሲቆም ነዳጅም ሰዓትም ይቃጠላል። መኪኖቹ ሁሉ በባትሪ ቢሠሩም አውቶቡሱ ያው እንደቆመ ነው። ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር ከባቡር ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ ቀለምና የማያዳላ ትራፊክ ፖሊስ ይፈልጋል። የሚከብደው ቦታውን ከባለመኪናው መውሰዱ ነው፤ ውሳኔውን የሚወስኑት ደግሞ ባለመኪኖች ናቸው። እዚህ ላይ ፈርጠም በሉ፣ አደራ።

የቤት ጉዳይም የእናንተው ሙያ ነው። ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ሥራው ፒያሳ ከሆነ በየቀኑ ከተማውን ያቋርጣል። ቤቱ ሲታቀድ ሥራውና ትምህርት ቤቱ አብረው ቢታቀዱ ኖሮ የዚያ ሁሉ መንገድ ልቀት ባልኖረ። የከተማ ፕላን ስብሰባ ላይ ሳትጠሩም ቢሆን ግቡ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጥገና ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት። በዓመታት ውስጥ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ሐዲዱ አለ፣ ተሳፋሪውም አለ፤ የጠፋው ዕቃውና ዕቃው የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ ነው። አንድ ባቡር በቆመ ቁጥር ተሳፋሪው ወደ ናፍጣው ሚኒባስ ይመለሳል። የኤሌክትሪክ አውቶቡስም ዕጣው ይኸው እንዳይሆን፣ የግዥ ሰነድ ሲመጣላችሁ የመለዋወጫውንና የባለሙያ ሥልጠናውን ገጽ አስቀድማችሁ ፈልጉ። ከሌለ አትፈርሙ። የባትሪ ጥገና ለመማር ዕድል ያገኘ ደግሞ አያመንታ፤ አገሪቱ የሚያስፈልጋት እሱን ነው።

የጅቡቲውን መስመርም አትርሱ። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር እያለን ብዙው ጭነት አሁንም በናፍጣ ተሳቢ ነው የሚገባው። ዕቃው ከባቡር ወርዶ እስከ መጋዘን እንዴት ይደርሳል? ታሪፉ ከተሳቢው ጋር ይወዳደራል ወይ? የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣችሁ ከዚህ ጀምሩ።